መንገድ የሚገልጠው ትዳር

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። አባባሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከአንድ ባሕር የተቀዱት ሁለቱ ሰዎች በእርግጥ መተዋወቅ አለመተዋወቃቸውን አይነግረንም። በአንድ ማዕድ እየበሉ፣ በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ፣ ሳይተዋወቁ ዓመታት የሚያሳልፉ ባልና ሚስት ጥቂቶች አይደሉም።

ይህን እንድናነሣ ያደረገን የኢጣልያው የፊልም አዘጋጅ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሕዝብ ያቀረበው «ጉዞ ወደ ኢጣልያ» የተባለው ፊልም ነው። ኢንግሪድ በርግማን ሚስቲቱን ካትሪንን፣ ጆርጅ ሳንደርስ ደግሞ ባሏን አሌክስን ሆነው ይጫወታሉ። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ብዙ ተመልካች ባያገኝም፣ ዣክ ሪቬትን የመሰሉ የፈረንሳይ ወጣት ሐያስያን ዋጋውን ቀድመው ተረዱለት። ዛሬ ከታላላቆቹ የሲኒማ ሥራዎች ጋር ይቆጠራል።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። እነዚህ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ከሞተ አጎት በውርስ ያገኙትን ቤት ለመሸጥ በመኪና ወደ ናፖሊ ይሄዳሉ። ከተጋቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። በአገራቸው ሳሉ ባል በሥራው እንደ ተጠመደ፣ እንግዳና ግብዣም እንደ ተፈራረቀ ቀኑ ይመሽ ነበር። በመንገድ ላይ ግን ሥራም የለ፣ እንግዳም የለ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ ያን ጊዜም የሚነጋገሩት ነገር አጡ።

ካትሪን ቀድሞ የምታውቀውን፣ በወጣትነቱ የሞተ አንድ ባለቅኔ ታነሣለች። ባል ይቀናል፤ ነገር ግን ቀናሁ ማለት ክብሩን የሚነካ ስለ መሰለው በሟቹ ላይ ያፌዛል። ከዚያ ወዲያ እርሱ ለብቻው ወደ ካፕሪ ደሴት ይሄዳል፤ እርስዋም ለብቻዋ የናፖሊን ቤተ መዘክርና የጥንቱን ፍርስራሽ ስትጎበኝ ትሰነብታለች። አንድ ሌሊት እርሱን ስትጠብቅ ካርታ እየተጫወተች ታመሻለች። መምጣቱን በሰማች ጊዜ ግን ፈጥና መብራቱን ታጠፋና የተኛች ትመስላለች። መጠበቅዋን እንዳያውቅባት ነው።

በእኛ አስተያየት የፊልሙ ቁም ነገር ያለው በዚህች ጥቂት ደቂቃ ላይ ነው። በሩ ላይ ከቆመው ወይም አልጋው ላይ ካለችው አንዲት ቃል ብትወጣ ኖሮ ነገሩ በተለወጠ ነበር። ሁለቱም ግን ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃሉ፤ ሲጠባበቁም ይነጋል።

ለመፋታት ከተስማሙ በኋላ ሳያስቡት ወደ ፖምፔይ ይወሰዳሉ። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ የቀበራት ናት። የሟቾቹ ሥጋ በጠነከረው አመድ ውስጥ በስብሶ ባዶ ቦታ ስለሚተው፣ ቆፋሪዎቹ ጀሶ ያፈስሱበታል፤ ጀሶው ሲደርቅ የሰውየው መልክ ይወጣል። በዚያን ቀን የወጣው መልክ ጎን ለጎን ሳሉ ሞት የደረሰባቸው የወንድና የሴት ነበር። ካትሪን ማየት አቅቷት እያለቀሰች ትሄዳለች።

ሲመለሱ መኪናቸው በሃይማኖት በዓል ሰልፍ መካከል ይቆማል። ሕዝቡ «ተአምር!» እያለ ሲግተለተል ካትሪንን ይዟት ይሄዳል። ባሏን ትጣራለች፤ እርሱም ሕዝቡን ሰንጥቆ ይደርስላታል፤ ተቃቅፈውም ይታረቃሉ።

ይህን ዕርቅ ድንገተኛ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ። እኛ ግን እንደዚያ አላየነውም። ስምንት ዓመት ሙሉ ችግሩን ሲደብቅ ከኖረ ቤት ውስጥ አንዷ «ድረስልኝ» አለች፤ ሌላውም ደረሰ። ነገ ምን እንደሚሆኑ ፊልሙ ቃል አይገባልንም። ሮሴሊኒና በርግማን ራሳቸው በ1950 ተጋብተው በ1957 ተለያይተዋል። ዕርቅን በፊልም ማሳየት በቤት ከመጠበቅ ይቀላልና።

እንግዲህ ለትምህርትም ሆነ ለመንግሥት ሥራ ከትዳር ጓደኛው ጋር ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ወጣት ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ብዙ ሰው ትዳሩ ሲናጋ ጥፋቱን በባዕድ አገር ያላክካል። ሌላው ደግሞ አገር መለወጥ መድኃኒት ይሆነኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ባዕድ አገር የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሽፋኑን መግፈፍ ነው። አገር ቤት ሳሉ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ማኅበርና ሥራ በባልና በሚስት መካከል ያለውን ክፍተት ይሞሉታል። እነዚህ ወደ ኋላ ሲቀሩ ክፍተቱ እንዳለ ይታያል። ሻንጣው ውስጥ ያልገባ ነገር ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ አይገኝም።

ስለዚህ ፓስፖርቱና የጉዞው ወረቀት ከመያዙ በፊት መያዝ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ቅሬታን በጊዜው የመናገርና የመስማት ልማድ ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል፤ በአደባባይ እውነት ይሆናል። በትዳር ውስጥ ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ይበልጣል። ይህን ለመጀመር እስከ ፖምፔይ መሄድ አያስፈልግም፤ ዛሬ ማታ ከራት በኋላ መጀመር ይቻላል።