የሌሊቱ ፕሮግራም ሲሞት የዲላ ሚዛን ይቆማል

ከዲላ በወናጎና በይርጋጨፌ አድርጎ ወደ ገደብ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር በሚገኙት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች፣ የለቀማው ወራት ሲገባ እሸት ቡና በየዕለቱ ይመዘናል። ቀይ ፍሬ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳልና ገበሬውም ሆነ ጣቢያው የሚያመነታበት ጊዜ የለውም። በእጁ ገንዘብ የሌለው ጣቢያ ሚዛኑ ባዶ ይውላል። ቡናው ማዶ ካለው ተፎካካሪ ዘንድ ይሄዳል፤ ገበሬውም በሚቀጥለው ቀን መንገዱን አይቀይርም።

ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ልብ ማለት ያሻል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሥራ ከጀመረና ቡናም ወደ ገበያው ከገባ ወዲህ፣ ምርቱን ለዲላው መጋዘን አስረክቦ የሸጠ አቅራቢ ሒሳቡ በማግስቱ በባንክ እንዲገባለት የሚያደርገው ገበያው ራሱ ነበር። ከ2009 ዓ.ም. የቡና አዋጅ በኋላ ግን አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚገበያዩበት በር ተከፈተ። በሩ መከፈቱ መልካም ነው። ሆኖም በቀጥታ በሚሸጠው ቡና ረገድ የክፍያው ሞተር ከምርት ገበያው ወጥቶ ወደ ላኪው ቢሮ ገብቷል። ያ ሞተር አንዳንዴ ከሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አንድ የዊንዶውስ ሰርቨር ነው።

አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ላኪ ይታሰብ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንድ ስክሪፕት ከየጣቢያው የተላከውን የሚዛን መዝገብ ሰብስቦ የክፍያ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ጠዋት ዝርዝሩ ለባንክ ይላካል። አንድ ሌሊት ስክሪፕቱ መንገድ ላይ ይሞታል። ጠዋት 3 ሰዓት የዲላው አቅራቢ ስልክ ይደውላል። «ኔትዎርክ የለም» ይባላል። ከሰዓት በኋላ «ባንኩ ነው» ይባላል። ማታ ላይ ግን ቡናው ሌላ ጣቢያ ተፈልፍሏል።

እንዲህ ያለው አደጋ ምንጩ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ሥራው የሚሠራበት አካውንት ፓስወርድ ተቀይሮ በታስክ ሼዱለር ውስጥ የተመዘገበው አሮጌው ሆኖ ይቀራል። ወይም ስክሪፕቱ «ዜድ» በሚባል የኔትዎርክ ድራይቭ ፋይል ይፈልጋል፤ ያ ድራይቭ ግን የሚታየው ሰው ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ሲሠራ ብቻ ስለሆነ ሌሊት ላይ የለም። ባለሙያው ቀን ሲሞክረው ይሠራል፣ ሌሊት አይሠራም፤ እሱም «ችግር የለበትም» ብሎ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚከፋው በዝምታ የሚሞተው ነው። የፓወርሼል ስክሪፕት በብዙ ዓይነት ስህተት ላይ አይቆምም፤ ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል፤ ሲጨርስም ለታስክ ሼዱለር ዜሮን ይመልሳል። ዜሮ ማለት ደግሞ «ተሳክቷል» ማለት ነው። ባለቤቱ ጠዋት የሚያየው ተሳክቷል የሚል ሰሌዳ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የኮቸሬ ጣቢያ የለም። ስህተት ሲያጋጥም ቁም የሚል አንድ መስመር ከስክሪፕቱ አናት ላይ መጻፍ ምንም አያስከፍልም። ጮኾ የሚቆም ፕሮግራም ለነጋዴ ይረክሳል።

መብራት ጠፋ የሚለው ሰበብም ሊመረመር ይገባዋል። ዊንዶውስ በወጉ ሳይዘጋ ተቋርጦ እንደገና ሲነሣ በኢቨንት ቪወር ውስጥ ቁጥር 41 የሆነ መልእክት ይመዘግባል። ፕሮግራሙ ራሱ ወድቆ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቁጥር 1000 ይገኛል፤ ከጎኑም ያጠፋው ፋይል ስም ይጻፋል። የመብራት ኃይልን ከመውቀስ በፊት ይህን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መብራቱ በእርግጥ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ ጥያቄው አያበቃም፤ ያመለጠው ሥራ ኃይል ሲመለስ ወዲያው እንዲነሣ የሚያደርገው ምርጫ ታስክ ሼዱለር ላይ በራሱ ምልክት የተደረገበት አይደለም። ካልተነካ ሥራው የሚቀጥለውን ሌሊት ይጠብቃል። የሥራዎቹ ታሪክ መዝገብም እንዲሁ ሰው ካልከፈተው ተዘግቶ የሚኖር ነው።

አቅራቢው በስልክ ሲጨቀጭቅ ላኪው የሚቸኩለው ስክሪፕቱን ከመጀመሪያው ለማስነሣት ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሥራው የሞተው ግማሹን ስም ለባንክ ካስተላለፈ በኋላ ከሆነ፣ ዳግም ሲነሣ ያንኑ ግማሽ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የወጣ ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ አገሩ አይቶታል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ባንኩ ያለአግባብ ተወሰደ ያለው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን፣ ለማስመለስ የሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍ ተደርሷል። ንግድ ባንክ ይህን የሚያደርግበት አቅም አለው። አንድ የቡና ላኪ ግን ሁለት ጊዜ የከፈለውን ገበሬ በየቀበሌው ሲፈልግ ይከርማል።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ሶፍትዌር ኩባንያ የላከው አንድ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ መሣሪያዎችን ጥሏል። መነሻው ፕሮግራሙ 20 መረጃ ሲቀርብለት 21ኛውን ለማንበብ መሞከሩ ነበር። ከኤክሴል ሠንጠረዥ አንድ ዓምድ ጨምሮ የሚልክ የጣቢያ ጸሐፊ ስክሪፕት የሚጥለው በዚሁ መንገድ ነው።

ላኪዎች አዲስ ሰርቨር ለመግዛት ገንዘብ ሲመድቡ ይታያል። ይሁንና አዲሱ ሰርቨር ላይ የሚጫነው ያው አሮጌው ስክሪፕት ነው። ገንዘቡ መዋል ያለበት እያንዳንዱ ክፍያ እንደተላለፈ ምልክት ለሚያኖር መዝገብ፣ ሥራው ሳይጠናቀቅ ሲቀር ሌሊቱን የስልክ መልእክት ለሚልክ ማንቂያና ያን መልእክት አንብቦ ለሚነሣ ሰው ነው። የዲላ አቅራቢም በበኩሉ ውል ሲፈርም ዋጋና ደረጃ ብቻ ከመከራከር፣ ክፍያው በላኪው ኮምፒዩተር ምክንያት ሲዘገይ ባዶ የዋለውን ሚዛን ማን እንደሚከፍል ያስጽፍ። ጊዜውም ከመስከረም በፊት ነው፤ ለቀማው ከተጀመረ በኋላ ውል የሚያሻሽል ላኪ አይገኝም።