«ርካሹ» ኤሌክትሪክ ጊታር፦ ዋጋው ላይ ያልተጻፈው ሒሳብ

ሰሞኑን ኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት ዋጋ የጠየቀ ሰው አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፦ «ይሄ ነው እንዴ ርካሹ?»

አዎ፣ ርካሹ ይሄ ነው። ግን ለዚህ ሁሉ ብር የምናገኘው ምንድነው? «የቻይና ጊታር ዕቃ አይደለም» የሚለው የድሮ አነጋገር ዛሬም ይሠራል? ወይስ ሻጮቹ እንደሚሉት «ከኦርጅናሉ ምንም ልዩነት የለውም»? ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለምን እንደሆነ እንየው።

መጀመሪያ ብሩን እናውራ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። የፈረንጆቹ 2024 ሳያልቅ 120 ብርን አለፈ፤ ከዚያ በኋላም መውጣቱን አላቆመም። «ነጋዴው እኮ ድሮም ዶላር የሚገዛው ከጥቁር ገበያ ነው፣ ታዲያ ምን ተለወጠ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። የተለወጠው ቀረጡ ነው። ጉምሩክ የዕቃውን ዋጋ ወደ ብር የሚመነዝረው በባንክ ተመን ነው። ነጋዴው ዶላሩን በጥቁር ገበያ ቢገዛም፣ ቀረጡና 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰላበት የነበረው በ57 ብር ነው። 100 ዶላር የተገመተ ጊታር ለቀረጥ ስሌት 5,700 ብር ነበር፤ በ120 ሲመነዘር 12,000 ብር ሆነ። ጊታሩ ያው ጊታር ነው። ፋብሪካው አንዲት ብሎን አልጨመረበትም።

ይሄ የሚያሳስበው የሚገዛው ሰው ማን እንደሆነ ስታስቡ ነው። በንጉሡ ዘመን የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን የሚያገኙት ከቀጣሪያቸው ነበር። ዛሬ የሚገዛው ልጁ ራሱ ነው፣ ወይ ወላጆቹ ናቸው፣ ወይ ደግሞ የአንድ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ቡድን አባላት አዋጥተው ነው። ሁለተኛ ጊታር የሚባል ነገር በእቅዱ ውስጥ የለም። የመጀመሪያው ጊታር መጥፎ ከሆነ ልጁ «ጣቴ እንቢ አለኝ፣ ጆሮም የለኝም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የጣቱ ሳይሆን የጊታሩ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው ሰው የለም።

ወደ ፋብሪካው እንሂድ። ኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ቫዮሊን ባለሙያ ለወራት ተቀምጦ የሚፈለፍለው ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት የማይችል የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ያወጣቸው ጊታሮች አንገታቸው ከገላቸው ጋር የሚያያዘው በብሎን ነው። ዓላማው በብዛት ለማምረትና የተበላሸውን ፈትቶ ለመቀየር ነበር። በብሎን የሚገጠም ዕቃ ደግሞ የትም አገር ይገጠማል። ሥራው ርካሽ ጉልበት ወዳለበት መሄዱ ያኔ የተወሰነ ነገር ነው።

መጀመሪያ ጃፓን ሄደ። የጃፓን ኮፒዎች ጥራታቸው እየጨመረ ሲመጣ የጊብሰን እናት ኩባንያ በ1977 የኢባኔዝን የአሜሪካ አከፋፋይ ፍርድ ቤት አቆመው። ፌንደር ደግሞ «ካልቻልካቸው ተቀላቀላቸው» ያለ ይመስላል፤ በ1982 ስኳየር የተባለውን ርካሽ ምልክቱን ጃፓን ውስጥ ማስመረት ጀመረ። ጃፓን ስትወደድ ተራው የኮሪያ ሆነ። ኮሪያ ስትወደድ ወደ ኢንዶኔዥያና ቻይና ተዛወረ። እዚህ ላይ ሰው የማያነሳው ነገር አለ፦ ለብዙ ታዋቂ ምልክቶች ጊታር የሚሠራው ኮርት በ2007 የኮሪያ ፋብሪካዎቹን ሲዘጋ፣ የተባረሩት ሠራተኞች ከ10 ዓመት በላይ አደባባይ ላይ ታግለው ስምምነት ላይ የደረሱት በ2019 ነው። ርካሽ ጊታር ስንል ርካሽ የሆነው በማን ኪሣራ እንደሆነም ማወቅ አይከፋም።

ዛሬ በቻይና ጉዪጆ ክፍለ ሀገር ዠንግአን የሚባል ተራራማ ወረዳ አለ። ከዚያ ድሃ አካባቢ ወደ ጓንግዶንግ ፋብሪካዎች ተሰድደው ጊታር መሥራት የተማሩ ሰዎች ተመልሰው ገቡና አገራቸው ላይ የጊታር መንደር ተተከለ። አሁን በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጊታሮች ይወጡበታል።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። እነዚህ ፋብሪካዎች እንጨቱን የሚቆርጡት በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ነው። ማሽኑ የ100 ዶላሩንም የ1,000 ዶላሩንም ጊታር በአንድ ዓይነት ልክ ይቆርጣል። ድሮ ርካሽ ጊታር ርካሽነቱ አንገቱ ላይ ይታወቅ ነበር፦ የተጣመመ፣ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች) በተሳሳተ ርቀት የተተከሉ፣ በምንም የማይድን። ያ ዓይነት ጊታር ዛሬ ብዙም አያጋጥምም። «ዕቃ አይደለም» የሚለው አነጋገር የቀረው ከዚያ ዘመን ነው።

ታዲያ ርካሹ ከምኑ ላይ ነው የቀነሰው? ማሽን ከማይሠራው፣ ከእጅ ሥራው። የፍሬቶቹን ጫፍ በሞረድ ማለስለስ፣ ከፍታቸውን ማስተካከል፣ ክሮቹ ከመቃኛው ሲወርዱ የሚያርፉበትን ቁራጭ («ነት» የሚባለውን) ስንጥቅ በልኩ መሞረድ፣ በመጨረሻም የክሮቹን ከፍታና ድምፅ ማስተካከል። ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ጊዜ የሚያጠፋበት ሥራ ይሄ ነው። ርካሽ ጊታር ላይ ይሄ ሥራ በችኮላ ያልፋል፣ ወይ ጭራሽ አይሠራም። ከዚያ ቀጥሎ የሚቆጠበው ከጥቃቅን ዕቃዎች ነው፦ መቃኛዎቹ፣ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው፣ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ።

ስለ እንጨቱ የሚሰብካችሁን ሻጭ በትዕግሥት ስሙትና እለፉት። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚነሳው ማግኔት የብረት ክር ሲንቀጠቀጥ ስለሚያነበው ነው። እንጨቱ «ማሆጋኒ» ይሁን ሌላ ለጀማሪ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም፤ የተሞረደና ያልተሞረደ ፍሬት ግን የመማርና የማቆም ጉዳይ ነው።

በዚህ ላይ የኛ አገር አየር ይጨመራል። ጊታሩ የተሠራው እርጥብ አየር ያለበት ጉዪጆ ወይም ጃቫ ደሴት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በጋው ደረቅ ነው። እንጨቱ እርጥበቱን ሲለቅ ይሸማቀቃል፤ ብረቱ ግን አይሸማቀቅም። በክረምት የገዛችሁት ለስላሳ ጊታር ጥር ላይ አንገቱ ጠርዝ እንደ መጋዝ መዳፋችሁን የሚቧጭረው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ አውጥቶ ይሸጠዋል። አልተበላሸም፤ አንድ ጊዜ ጫፎቹ በሞረድ ከተስተካከሉ በኋላ ብዙ ጊዜ ችግሩ በዚያው ያበቃል። በነገራችን ላይ ጊታር ለመግዛት ጥሩው ወቅት በጋ ነው፤ ችግሩ ካለ ያኔ ሱቅ ውስጥ እያለ ይታያችኋል።

ሱቅ ስትገቡ ምን ማየት አለባችሁ? መዳፋችሁን በአንገቱ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች አሂዱት፤ ከቧጨራችሁ ዋጋ መከራከሪያ አገኛችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ ስልካችሁ ላይ ነፃ የመቃኛ አፕ አውርዱ። አንዱን ክር ሳትጫኑት ቃኙት፣ ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱት። ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መምጣት አለበት። ከወጣ ወይም ከወረደ አትደንግጡ፤ ታች ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ በብሎን ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳልና ይስተካከላል። 12ኛው ልክ ሆኖ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ብቻ ድምፁ ከፍ ካለ ደግሞ ጥፋቱ «ነት» ላይ ነው፤ ስንጥቁ በልኩ አልተሞረደም። ጀማሪ «ኤፍ ኮርድ እምቢ አለኝ» እያለ የሚያለቅሰው ግማሹ በዚህ ምክንያት ነው።

የኛን ዜማ ለሚጫወት ሰው ይሄ ነገር የበለጠ ይታያል። ትዝታ ላይ የምትጫወቷቸው ኖታዎች አምስት ናቸው፤ አንዱን ይዛችሁ ታቆዩታላችሁ፣ ታስለቅሱታላችሁ። ፈጣን ሮክ ላይ የሚደበቅ የቅኝት ስሕተት እዚህ ላይ መደበቂያ የለውም።

መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ምቱ። አሰልቺ ነው፣ ሻጩም ፊቱን ያጠቁራል፤ ይሁን። ክሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚንጫጫ ወይም የሚሞት ከሆነ እዚያ አካባቢ ያለ አንድ ፍሬት ከፍ ብሏል። ሁሉም ቦታ የሚንጫጫ ከሆነ ግን አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ በመፍቻ ማስተካከል ሊበቃው ይችላል። ክብ ቁልፎቹን ስታዞሩ ቢንኮሻኮሽ ቀላል ነው፤ መቀየሪያው ርካሽ ዕቃ ነው። አንገቱ እንደ ዊንች ተጠምዞ ካያችሁት ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት።

ሌላ በርካሽ ጊታር የሚሳበብ ነገር አለ፦ ጫጫታው። አምፕሊፋየሩ ሲበራ «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ከሰማን «የቻይና ስለሆነ ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቤቱ ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ የመሬት መስመር (ኤርዝ) የለም፣ ወይ ከሥር ተቆርጧል። እንደዚያ ሲሆን ውዱም ጊታር ይጮኻል። ክሩን በእጃችሁ ስትነኩ ጫጫታው ከቀነሰ ጊታሩ ውስጥ ያለው ገመድ በአግባቡ ተያይዟል ማለት ነው። ዋናው ነገር ግን ጫጫታው አይደለም። ኤርዝ የሌለው አምፕሊፋየር ላይ የተሰካ ጊታር ይዞ ከንፈሩን ማይክ ላይ ያሳረፈ ሰው በኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል። በየአዳራሹና በየቤተ ክርስቲያኑ መድረክ ላይ «ማይኩ ይነዝራል» እየተባለ በቀልድ የሚታለፈው ነገር ይሄ ነው። ቀልድ አይደለም፣ ሰው ይገድላል። ለጊታር ከምታወጡት ላይ ቀንሳችሁ ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

ስለ ስሙ ደግሞ አጭር ነገር ልበል። የጊብሰን ኤሌክትሪክ ጊታር የሚሠራው አሜሪካ፣ ናሽቪል ነው። ስለዚህ አዲስ ሆኖ፣ ጭንቅላቱ ላይ «ጊብሰን» ተጽፎበት፣ ዋጋው ስም ከሌለው ጎረቤቱ ትንሽ ብቻ ከፍ ካለ፣ ያ ትንሽ የተከፈለው ለተለጠፈው ጽሑፍ ነው። የኩባንያው ርካሽ ምልክት ኤፒፎን ይባላል፤ የፌንደር ደግሞ ስኳየር። ሐሰተኛ ስም የለጠፈ ሰው ውስጡንም በጥንቃቄ ይሠራዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ስም የሌለውና ስሙን የማይዋሸው ይሻላል።

ዘመድ ያለው ሰው ሌላ መንገድ አለው፦ ከዋሽንግተን ወይም ከአውሮፓ ያገለገለ ማስመጣት። በኔ ግምት ለገንዘቡ የተሻለው ይሄ ነው። ያገለገለ ስኳየር ወይም ኢንዶኔዥያ የተሠራ ያማሃ ፓሲፊካ 112 ሰው ለዓመታት ተጫውቶበት እንጨቱ ተረጋግቷል፣ ጉድለቱም ታውቋል። ግን አሜሪካ በ2025 በኢንዶኔዥያ ዕቃ ላይ 19 በመቶ፣ በቻይናው ላይ ከዚያም በላይ ቀረጥ ስትጥል እዚያም አዲሱ ተወደደ። አዲሱ ሲወደድ ያገለገለውም ይከተላል።

ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ የሚመጣው አንድ ቦታ ነው፦ ፋብሪካው ያልሠራውን የእጅ ሥራ እዚህ የሚጨርሰው ማነው? አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሱቁ ራሱ ያስተካክለዋል፣ ወይ በየሰፈሩ ጠጋኝ አለ። እኛ ጋ ሥራውን የሚያውቁት ጥቂት ሙዚቀኞች ናቸው፤ ሙያው የሚተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ሥራው ለአገሩ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ክራር የሚሠራ ሰው እንጨትና ክር ምን እንደሚፈልጉ ያውቃል። የሚጎድለው ልዩ ሞረድና መለኪያ ነው፤ እነሱም ከአንድ ጊታር ዋጋ ብዙም አይበልጡም።

ሱቆቹ ይሄን ለምን አይሠሩም? ማንም ስላልጠየቃቸው ነው። አንድ ጊታር የሚገዛ ልጅ ለመጠየቅ አቅም የለውም፤ «ካልፈለግህ ተወው» ይባላል። አራት አምስት መሣሪያ በአንዴ የሚገዛ ቤተ ክርስቲያን፣ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ወይም ሆቴል ግን «ፍሬቱን አስተካክላችሁ፣ 12ኛው ላይ ቃኝታችሁ ካላመጣችሁ ክፍያ የለም» ማለት ይችላል።