ሠራተኛው ከቤቱ፣ እኛስ ከየት?



በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በራቸውን ለባለጉዳይ ዘግተው ሠራተኛውን ወደ ቤቱ ሰደዱት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደግሞ በ«ጹር ይስራኤል» ዘመቻ ወገኖቻችን መግባት ጀመሩ፤ በጥቂት ወራት ወደ 2,000 ደረሱ። ሠራተኛው ኮምፒዩተር አለው ወይ፣ ፋይሉን ከቤቱ መክፈት ይችላል ወይ እየተባለ ብዙ ተመከረ። ደዋዩስ? አንዲት እናታችን፣ ማሽኑ በዕብራይስጥ ቁጥር ይጫኑ ሲላቸው፣ ስልኩን ዘጉት። በኋላ የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው የአያቱን ሕመም ለማያውቀው ሰው በስልክ አስረዳ። ነውር አይደለም ወይ?

ከቤት መሥራትን አንቃወምም፤ ከእኛም ልጆች እንዲህ የሚሠሩ አሉ። ነገር ግን አማርኛ የሚችል ሰው መስመሩ ላይ ሳያስቀምጥ የወረቀቱን ቅጽ ያስቀረ መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒዩተር ስላደለ ብቻ ተዘጋጅቷል አንልም።