ቢጫው ልብስና ባንዲራው

የሙግቱ ጥያቄ፦ በስሪላንካና በማይንማር መነኮሳት የሚያራግቡት ብሔርተኝነት ከቡድሂዝም ከራሱ የመጣ ነው ወይስ ፖለቲከኞች ሃይማኖቱን ለብሰውት? (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ጸሐፊ፦ ሃይማኖቱም ይጠየቅ

ሚያዝያ 1958 ኮሎምቦ ውስጥ መነኮሳት መጥተው በጠቅላይ ሚኒስትር ባንዳራናይኬ ቤት ደጃፍ ቁጭ አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአገሪቱ ቁጥራቸው አናሳ ከሆነው ከታሚሎቹ መሪ ከቼልቫናያካም ጋር ተስማምተው፣ ለታሚሎች የተወሰነ የአካባቢ አስተዳደር ሊሰጡ ነበር። መነኮሳቱ ውሉ መቅረቱን በጽሑፍ ካልሰጡን አንነሳም አሉ። ሰጧቸው። ያልተፈታው የታሚሎች ጥያቄ አድሮ በ1983 ጦርነት ሆኖ ፈነዳ፤ እስከ 2009ም ዘለቀ።

ይህ የፖለቲካ ሥራ ነው፣ ሃይማኖቱ እጁ የለበትም የሚል ካለ ማሃቫምሳን ያንብብ። መነኮሳት ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት ያዘጋጁት ዜና መዋዕል ነው። ንጉሥ ዱቱገሙኑ የታሚሉን ንጉሥ ኤላራን ድል ነሥቶ፣ ባፈሰሰው ደም ሲጨነቅ ቅዱሳን መነኮሳት ያጽናኑታል። ከሞቱት ውስጥ ሰው የሚባለው አንድ ተኩል ብቻ ነው ይሉታል፤ አንዱ ሃይማኖቱን የተቀበለ፣ ግማሹ አምስቱን ትእዛዛት የያዘ። የቀረው እንደ እንስሳ ነው። በ2017 ከማይንማር ታላላቅ መነኮሳት አንዱ የሆኑት ሲታጉ ሳያዶ ይህንኑ ታሪክ ለጦር መኮንኖች ሰበኩት። ከ700 ሺህ በላይ ሮሂንጋዎች፣ የማይንማር ሙስሊሞች፣ ወደ ባንግላዴሽ መሰደድ የጀመሩት በዚያው ዓመት ነበር። ስብከቱን የሰጠው ፖለቲከኛ አይደለም።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ልብሱን የወሰዱት ሌሎች ናቸው

ወዳጄ የጠቀሱትን ታሪክ አልክድም፤ እኔንም ያሳፍረኛል። ነገር ግን ማሃቫምሳ የነገሥታት ታሪክ እንጂ የቡድሃ ትምህርት አይደለም። በቡድሂስቶች የምንኩስና ሥርዓት ሆን ብሎ ሰው የገደለ ወይም ያስገደለ መነኩሴ ምንኩስናው ያኔውኑ ይፈርሳል፤ ዳግመኛም አይመነኩስም። ከዚህ የጠነከረ ሕግ ከየት ይምጣ?

እንግሊዞች በ1815 የስሪላንካን የካንዲ መንግሥት ሲይዙ ሃይማኖቱን እንጠብቃለን ብለው ፈረሙ፤ በኋላ በሚሲዮናውያን ግፊት ቃላቸውን አጠፉ። ቁጣው የተጠራቀመው በዚያ ዘመን ነው። ቁጣውን ወደ ድምፅ የለወጡት ባንዳራናይኬ ደግሞ ከአንግሊካን ቤተሰብ የተወለዱ፣ ኦክስፎርድ የተማሩ፣ ኋላ ቡድሂስት የሆኑ ሰው ናቸው። በ1956 የተመረጡት የብዙኃኑን ቋንቋ ሲንሃላን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ አደርጋለሁ ብለው ነው። ታዲያ ማን ማንን ለበሰ?

በማይንማርም በ2007 መነኮሳት የምጽዋት ሳህናቸውን ደፍተው ከወታደር እጅ አንቀበልም አሉ፤ ጄኔራሎቹ ጽድቅ እንዳያገኙ ማለት ነው። በ2017ም ሙስሊሞችን በማጥላላት የታወቀውን መነኩሴ ቪራቱን ለአንድ ዓመት እንዳይሰብክ የከለከለው የመነኮሳቱ ጉባኤ ነው።

አንደኛው ጸሐፊ

አንድ ዓመት! ቪራቱ በዚያ ጊዜ አፉን በፕላስተር ለጥፎ መድረክ ላይ ተቀመጠ፣ የተቀዳ ስብከቱን አሰማ፤ ሕዝቡም መጣ። ሳህን መድፋት ጄኔራልን የሚያስደነግጥ ከሆነ፣ ሮሂንጋዎች ሲሰደዱ ያ ሳህን ለምን አልተደፋም?

ሁለተኛው ጸሐፊ

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ያለው ሥልጣን ዘንድ ነው። መነኩሴን ወደ ምርጫ ቅስቀሳ የሚጠራ፣ ኋላ ሊመልሰው አይችልም። ባንዳራናይኬን በመስከረም 1959 ቤታቸው በረንዳ ላይ የተኮሰባቸው መነኩሴ ነበር፤ ሤራውን የመራው የኬላኒያ ቤተ መቅደስ አለቃም በ1956 ድምፅ የሰበሰበላቸው ሰው ነው። ከዚህ ትምህርት መውሰድ ሲገባ፣ በ1972 የወጣው ሕገ መንግሥት ለቡድሂዝም ቀዳሚውን ቦታ ሰጠ። የ1978ቱም አጸናው። ያጸደቁት ፖለቲከኞች ናቸው፤ ለመሻርም ቀድመው መነሣት ያለባቸው እነርሱው ናቸው። ይህን ቦታ የሚሰጠው የ1978ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ዛሬም በሥራ ላይ ነው።