ፈጥኖ ስለሚይዝ ማጣበቂያ

ባለፈው ሰሞን ላምበረት በሚገኘው ቤታችን የወላጅ አባታችን መቋሚያ ራሱ ተነቀለ። ጊዜው ቅዳሜ ማታ ነበርና ለነገው ቅዳሴ ይድረስላቸው ብለን ከመናኸሪያው አጠገብ ሱፐር ግሉ ገዝተን ገጠምነው። ደቂቃ ሳይሞላ ያዘ፤ እኛም በብልኀታችን ተደሰትን። በማግሥቱ ግን አባታችን በቅዳሴው መካከል ደገፍ ሲሉበት ራሱ ተገንጥሎ ተንገዳገዱ። አጠገባቸው የቆመ ሰው ባይዛቸው ኖሮ በወደቁ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው።

ጥፋቱ ማጣበቂያውን ያለ ቦታው ያዋልነው የእኛ ነው። ይህን ነገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. ሃሪ ኩቨር የተባሉት አሜሪካዊ ኬሚስትና ጓደኞቻቸው ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ አገኙት፤ የነካውን ሁሉ እየያዘ ቢያስቸግራቸው ተዉት። ለገበያ የቀረበው በ1958 ዓ.ም. ነው። የሚጠነክረው በዕቃው ገጽ ላይ ባለችው ጥቂት እርጥበት ነው። ከደረቀ በኋላ ግን ሲመታ ወይም ከጎን ሲገፋ ይሰበራል፤ ሰፊ ክፍተትም አይሞላም።

ስለዚህ ለቀጭን ስንጥቅና ለተፈረፈረ ጠርዝ ይጠቅማል። የሰው ክብደት ለሚያርፍበት ወንበር፣ መሰላልና መቋሚያ ግን ነጩ የእንጨት ኮላ ይሻላል። አስቀድሞ የቀድሞውን ማጣበቂያ እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ ያስፈልጋል፤ ኮላው ባዶ እንጨት ካላገኘ አይዝምና። ከዚያም የበትሩን ጫፍ ከቀዳዳው ጋር ልክ አድርጎ፣ ኮላ ቀብቶ፣ በሞርሳ ወይም በገመድ አጥብቆ እስከ ማግሥቱ መተው ነው።

እናቶች ሆይ፣ ሱፐር ግሉን ከልጆች እጅ አርቁ፤ ስትሠሩበትም መስኮት ክፈቱ። የፈሰሰውን በጥጥ ወይም በጥጥ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ እጅግ ይግላልና ያቃጥላል። ጣት ቢጣበቅ በኀይል ሳትስቡ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ዘፍዝፋችሁ ቀስ እያላችሁ አላቁት። ዐይን ውስጥ ቢገባ በውኃ እያጠባችሁ፣ የተጣበቀውን ቆብ ሳትፈለቅቁ፣ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

የአባታችንን መቋሚያ በሰፈራችን ያለ አናጢ በዚሁ መንገድ ጠገነው። እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ጠበቅን፤ እርሳቸውም ዛሬ ሳይሠጉ ይደገፉበታል።