ማሽኑ መነሻውን ሲያጣ ተጠያቂው ማን ነው?

ሰመራ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ የማስታወቂያና የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ይታሰብ። ረፋድ ላይ መብራት ሄዶ ይመጣል። ባለሙያው የላዘር መቁረጫ ማሽኑን መልሶ ያበራል። የማሽኑ ጭንቅላት እንደ ወትሮው ወደ ጥጉ ይሄዳል፤ መቆም ባለበት ቦታ ግን አይቆምም። ጠርዙን እየገጨ ይንገጫገጫል፤ ባለሙያው ሮጦ ያጠፋዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ሸራ ይለብሳል። ደንበኛ ሲመጣ «ተበላሽቷል» ይባላል።

እንዲህ የተባለ ማሽን ግን ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። መነሻውን ነው ያጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላዘር መቁረጫ ሲበራ ጭንቅላቱ የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ጥግ ላይ የተተከሉትን ሴንሰሮች ወይም ሊሚት ስዊቾች ፍለጋ ይሄዳል። ሲደርስባቸው ይቆማል፣ ትንሽ ያፈገፍጋል፣ በብዙዎቹ ማሽኖች ደግሞ ቀስ ብሎ ዳግም ይጠጋና ቦታውን ዜሮ ብሎ ይይዛል። ባለሙያዎች ይህን «ሆሚንግ» ይሉታል። ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው ሁሉ የሚለካው ከዚያ ነጥብ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ይህን ከመጀመሪያው ይደግማል። መብራት በሚቆራረጥበትና አቧራ በማያባራበት ከተማ ችግሩ ደጋግሞ ቢታይ አይገርምም።

የችግሩ ምልክቶች ደግሞ ይናገራሉ። ጭንቅላቱ ጥጉን እየገጨ ካልቆመ ሴንሰሩ አላየውም፤ ወይም ያየውን ለመቆጣጠሪያው አላደረሰም። ገና ሳይንቀሳቀስ ስህተት ካሳየ ሴንሰሩ ሁልጊዜ እንደተነካ ሆኖ እየተነበበ ነው፤ የተበጠሰ ሽቦ ወይም የተጣበቀ ቆሻሻ ይፈለጋል። በተቃራኒው አቅጣጫ ከሄደ የሞተር ሽቦ ወይም ሴቲንግ ተቀይሯል። በየቀኑ የተለያየ ቦታ ላይ ከቆመ ቀበቶው ላልቷል፣ የፑሊው ብሎን ተፈትቷል፣ የሴንሰሩ መያዣ ተነቃንቋል፣ አለዚያም የመሬት ሽቦው በትክክል አልታሰረም።

ፍተሻው ከቀላሉ ይጀምራል። በመጀመሪያ ኃይል ተቋርጦ ጭንቅላቱ በእጅ ይገፋል፤ ሐዲዱ ንጹሕ መሆኑና ቀበቶው መወጠሩ ይታያል፣ ሴንሰሩ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ቀጥሎ ማሽኑ በርቶ፣ ጭንቅላቱ ቆሞ፣ የላዘሩ ኃይል ግን እንደተዘጋ፣ ብረት ለይቶ በሚያውቀው ሴንሰር ፊት ትንሽ ብረት ይጠጋል። በላዩ ያለችው መብራት ከበራች ሴንሰሩ አልሞተም፤ ጥርጣሬው ወደ ሽቦው፣ ወደ ማገናኛው ወይም ወደ ሴቲንጉ ይዞራል። ካልበራች ደግሞ ኃይል እየደረሰው መሆኑ ይለካል፤ እየደረሰው ካልበራ ሴንሰሩ ይቀየራል። ይህ ሁሉ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ የሚቀየረው ዕቃም ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ታዲያ ማሽኑ ለምን ወራት ይቆማል? «ባለሙያ የለም» የሚለው መልስ በአዋሽ ሸለቆ አያስኬድም። ከአዋሽ እስከ ሚሌ፣ ሎጊያና ሰመራ የሚዘልቀው መንገድ የጅቡቲ ወደብ መስመር ነው። በዚህ መንገድ ዳር መካኒኮች በጠራራ ፀሐይ የከባድ መኪና ሞተር አውርደው ይሰቅላሉ። ይህን የሚሠራ እጅ አንዲት ሴንሰር መፈተሽ አያቅተውም። የጎደለው ሌላ ነው። መመሪያው በማያነበው ቋንቋ ተጽፏል። የሴቲንጉን ገጽ የሚከፍተው የይለፍ ቃል በሻጩ እጅ ቀርቷል። ሻጩ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አዲስ አበባ ነው። መለዋወጫም አብሮ አልተገዛም።

አዋሽ ከተማ የዚህን ጉዳይ ትምህርት በደጃፏ ይዛለች። በቀድሞው የምድር ባቡር ዘመን የድሬዳዋው ወርክሾፕ ስሙ የገነነው ባቡር ስለገዛ ሳይሆን መለዋወጫ እየቀረጸ ያረጀውን ስላቆየ ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም ለ6 ዓመታት ያህል በቻይና ኩባንያዎች ከተመራ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። ዕውቀቱን መረከብ የሥራው አካል ነበር። ለባቡር የታሰበው ለላዘር ማሽን የማይታሰብበት ምክንያት የለም።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ «ኢትዮጵያ ታምርት» እየተባለ ነው። ሰመራም ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት። የማሽን ርክክብ ሲኖር ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዓመት በኋላ ስንቱ ማሽን እየሠራ እንደሆነ ግን ማን ይጠይቃል? በብድር ማሽን የገዛ ወጣት ማሽኑ ቢቆምም ወለዱ አይቆምለትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

መፍትሔው አዲስ ተቋም ማቋቋም አይደለም፤ በእያንዳንዱ የግዥ ውል ላይ አራት ነገር መጻፍ ነው። አንደኛ፣ በአማርኛና በአፋርኛ የተዘጋጀ አጭር የብልሽት መለያ ወረቀት። ሁለተኛ፣ የሴቲንጉ ቅጂና የይለፍ ቃሉ ለገዢው እንዲሰጥ። ሦስተኛ፣ ሴንሰር፣ ቀበቶና ማገናኛን የመሳሰሉ መለዋወጫዎች ከማሽኑ ጋር እንዲመጡ። አራተኛ፣ ሥልጠናው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሴንሰሩን ነቅሎ መልሶ መግጠምንም እንዲጨምር፤ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀውም የአካባቢው ባለሙያ ይህን በራሱ ሠርቶ ሲያሳይ እንዲሆን።

«ዋጋ ይጨምራል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይጨምራል። ነገር ግን ሸራ ለብሶ ከተቀመጠ ማሽን የበለጠ ውድ ማሽን የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቅጠሉም ውሉ ሳይፈረም የሚጻፉት እነዚህ አራት መስመሮች ናቸው።