ስማችን ሲጠራ እንጨፍራለን፤ የጠሩንን ግን እናውቃቸዋለን?

አዲስ ዓለምም ሂድ፣ ጊንጪም ሂድ፣ አምቦም ሂድ፣ የቦብ ማርሊ ፎቶ የተለጠፈበት ባጃጅ አታጣም። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አምባር ያሰረ እጅም አታጣም። ሙዚቃ ቤት ገብተህ "ሬጌ ጫንልኝ" ካልከው ልጁ ፍላሽህን ተቀብሎ ሞልቶ ይመልስልሃል። "ሬጌማ የኛ ነው" እንላለን። እውነት አለን። ሌላው ዓለም ሬጌን የሚሰማው ስለወደደው ነው፤ እኛ ደግሞ ስማችን ውስጡ አለ።

ችግሩ ግን እዚህ ጋ ነው። ስማችን ስለተጠራ ብቻ የቤት ሥራችንን የጨረስን ይመስለናል። ሰው ያመሰግነናል፣ እኛ እንጨፍራለን፣ በቃ። ያመሰገነን ሰው ማነው? ምን ደረሰበት? እኛስ ምን አደረግንለት? ብለን አንጠይቅም። ወንድሜም እህቴም፣ ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ይሄን ነው። ላይጥማችሁ ይችላል። አንብባችሁ ጨርሱና ከዚያ ተሳደቡ።

መጀመሪያ ከስማችን እንነሳ። እኛ "አዲስ ዓለም" ስንል ምኒልክ የቆረቆሯትን ከተማ ነው የምናውቀው። አዲስ አበባ ላይ ማገዶ ሲጠፋ ዋና ከተማው ወደዚህ ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባ ተረፈች፣ እኛም ከነማርያማችን ቀረን። ነጮች ግን "አዲሱ ዓለም" ያሉት አሜሪካንና የካሪቢያንን ደሴቶች ነው። ጥቁር ሕዝብ በሰንሰለት ታስሮ በመርከብ የተጋዘው ወደዚያኛው አዲስ ዓለም ነው። ጃማይካ ከነዚያ ደሴቶች አንዷ ናት። እዚያ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ተጥለው ስማቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ የአያቶቻቸውን አገር ተነጠቁ። ባርነቱ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ቢቀርም ድህነቱና ንቀቱ አልቀረም።

እንግዲህ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ዜናው ጃማይካ ደረሰ። አስበው እስቲ። ጥቁር መሆን እርግማን ነው እየተባለ ላደገ ሰው፣ ጥቁር ንጉሥ በገዛ አገሩ ዘውድ ሲጭን፣ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኛ ልከው ሲያከብሩት! "ራስታፈሪ" የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም፣ ራስ ተፈሪ ማለት ነው። እምነታቸው የራሳቸው ነው፣ ተቀበል አልልህም። ግን ተስፋ ያጣ ሰው ቀና ለማለት የያዘው የኛን ስም እንደሆነ እወቅ።

ነገሩ በዘፈን ብቻ የቀረም አይደለም። ጣሊያን ሲወረን ዶክተር መላኩ በያን ኒውዮርክ ላይ በ1937 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የሚባለውን ማኅበር አቋቋመ። አሜሪካና ካሪቢያን ያሉ ጥቁሮች፣ ብዙዎቹ እኛን በአካል አይተውን የማያውቁ፣ ለኢትዮጵያ ብለው ገንዘብ አዋጡ፣ ሰልፍ ወጡ። ንጉሡ ለዚህ ውለታ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ሻሸመኔ ላይ 5 ጋሻ መሬት ሰጡ፤ 200 ሄክታር ያህል ነው። መምጣት የሚፈልግ መጥቶ እንዲኖርበት። ስለዚህ ሻሸመኔ ያሉት ራስታዎች እንደው ዝም ብለው የመጡ ቱሪስቶች አይደሉም። በክፉ ቀን የደረሰልን ሰው ውለታ ተከፍሎት ነው የመጡት። "ምን ይሠራሉ እዚህ?" ለሚል ሰው መልሱ ይሄ ነው።

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሡ ኪንግስተን ሲያርፉ አውሮፕላን ማረፊያው በሰው ተጥለቀለቀ። ጃማይካ ላይ ያ ቀን እስከ ዛሬ ይከበራል። ሌላም ጨምር። ንጉሡ በመስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ፣ አንዱን ዘር ከሌላው የሚያስበልጥ አስተሳሰብ እስካልጠፋ ሰላም የለም የሚል ንግግር አደረጉ። ቦብ ማርሊ ያንን ንግግር ወስዶ በ1976 እ.ኤ.አ. "ዋር" የሚለውን ዘፈን ሠራበት። ስንቶቻችን ነን ያንን ዘፈን ሚኒ ሚዲያ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ልደት ላይ እየሰማን ቃሉ ከየት እንደመጣ የማናውቀው?

አሁን የሚያሳፍረውን ልንገርህ።

የካቲት 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የመንግሥት ሲያደርግ የሻሸመኔውም አብሮ ሄደ። ለገበሬያችን መሬት ላራሹ ጥያቄ ነበር፣ ያንን አልክድም። ለነዚህ ሰዎች ግን የዘመናት ሕልም በአንድ አዋጅ ጠበበ። አንዳንዱ ሄደ። የቀረው በትንሽ ቦታ ላይ ቀረ። ቦብ በ1978 እ.ኤ.አ. መጥቶ ሻሸመኔን ያየው በዚያ በክፉው ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥት ተቀያየረ፣ የነሱ ጉዳይ ግን እንዳለ ነበር። አስርት ዓመታት አለፉ። እዚህ ተወልዶ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገረ ያደገ ልጅ "የየት አገር ሰው ነህ?" ሲባል የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። ያለ ወረቀት ደግሞ ምን እንደሚሆን ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔና አንተ ዲግሪ ይዘን፣ መታወቂያ ይዘን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆመን እንውላለን። እሱ ሰሌዳው ጋ የሚያቆመው ነገር እንኳ አልነበረውም።

መንግሥት መታወቂያ እንዲያገኙ የወሰነው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖር ተቻለ። ትልቅ ነገር ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ዜግነት ግን አይደለም። ከ1940 እስከ 2009 ቁጠረው። ስማችንን በዓለም መድረክ ሁሉ ያስጠራ ሕዝብ መታወቂያ ለማግኘት ወደ 70 ዓመት ጠበቀ። እኛ ያንን ሁሉ ጊዜ ምን እናደርግ ነበር? እንጨፍር ነበር።

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር አዲስ አበባ በሰው ተሞላች። ያኔ ሕፃን ነበርን፤ ታላላቆቻችን ዛሬም ያወሩታል። ደስ የሚል ቀን ነበር። ግን የዚያ ቀን ጭፈራ ሻሸመኔ ላለው ልጅ ወረቀት አላመጣለትም፤ እሱ ከዚያ በኋላም 12 ዓመት ጠብቋል።

ዘፈን ለወጣት ምን ማለት እንደሆነ ለኛ አካባቢ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ሃጫሉ ሁንዴሳ የአምቦ ልጅ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገደል የሆነውን እናስታውሳለን፤ አንድ ዘፋኝ ሲሞት ስንት ሰው አባቱ የሞተበት ያህል እንዳለቀሰ አይተናል። ግንቦት 1973 ዓ.ም. ቦብ በ36 ዓመቱ ሲሞት ጃማይካም እንደዚያ ነው ያለቀሰችው። የቀበሩትም በኛው ተዋሕዶ ሥርዓት ነው፤ ከመሞቱ በፊት ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ነበር። ሃጫሉ በሞተ ማግስት ደግሞ ሻሸመኔ ውስጥ ሰው ሞተ፣ ብዙ ንብረት ተቃጠለ። የተስፋ ምድር ብለው ባሕር አቋርጠው የመጡት ሰዎች የሚኖሩት እዚያች ከተማ ውስጥ ነው። ቤታቸው ተቀምጠው ጭሱን ሲያዩ ስለኛ ምን እንዳሰቡ እኔ ልነግርህ አልችልም። አንተ ግን አስበው።

እሺ፣ እንግዶቹን ተውናቸው እንበል። የገዛ ልጆቻችንንስ?

የቦብ ልጅ ዚጊ ማርሊ በ1988 እ.ኤ.አ. "ኮንሺየስ ፓርቲ" የሚለውን አልበም ሲሠራ ከኋላው ሆነው የተጫወቱት ዳሎል የሚባለው ባንድ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አልበሙ ግራሚ አሸንፏል። ይሄን ስንቱ የሬጌ አፍቃሪ ነኝ ባይ ያውቃል? እዮብ መኮንን "እንደ ቃል" ብሎ ሬጌን በአማርኛ እንዴት ለስለስ አድርጎ መዝፈን እንደሚቻል አሳየን። ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ለሕክምና በሄደበት ናይሮቢ ሲያርፍ ሁላችንም ፎቶውን ለጠፍን። በሕይወት እያለ ሲዲውን ከፍሎ የገዛው ግን ስንቱ ነው? ኃይሌ ሩትስ ደግሞ የኛን ችክችካ ከሬጌ ጋር ቀላቅሎ "ቺጌ" አለው። የሰው ሙዚቃ መውደድ እንደዚህ ነው፤ ተቀብለህ፣ የራስህን ጨምረህ ትመልሳለህ።

ፊሊፒንስን ተመልከት። ሬጌ ስለነሱ ተብሎ አልተፈጠረም። ንጉሣቸው በዘፈን አልተወደሰም፣ ባንዲራቸው የማንም ራስታ አምባር ላይ የለም። ግን በታጋሎግ ቋንቋቸው ሬጌ የሚሠሩ ባንዶች አሏቸው። ትሮፒካል ዲፕሬሽን የሚባለው ባንድ በቋንቋቸው "ሰላም" የሚል ርዕስ ያለው ዘፈን ሠርቶ አገር ምድሩ አወቀው። ስማቸው ያልተጠራው ይሄን ያህል ከሠሩ፣ ስማችን የተጠራው እኛ በአማርኛም በኦሮምኛም ስንት መሥራት ነበረብን? እስቲ በየከተማችን ያለውን የወጣት ማዕከል አስበው። ከረንቡላ ታገኛለህ፣ ኳስ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ታገኛለህ። ቤዝ ጊታር ፈልግ እስቲ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ በየሰፈሩ የምናደርገው ነው። አንድ ልጅ ፀጉሩን ድሬድ ሲያደርግ ሥራ አይሰጠውም፣ ቤት አይከራይም፣ "ዱርዬ"፣ "ሱሰኛ" ይባላል። የቦብን ፎቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ራሱ ነው እንዲህ የሚለው! ሌላው ደግሞ ሬጌ ማለት ጋንጃ ይመስለዋል፤ ጨሰ ማለት ገባኝ ማለት አይደለም። ሌላው ሦስቱን ቀለም ሲያይ የሚታየው የዛሬው የፖለቲካ ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ጃማይካዊው ያንን ቀለም ያሰረው የኛን ፓርቲዎች አወዳድሮ መርጦ አይደለም። ነፃ አገር ምን እንደሚመስል ሲያስብ የታየው ቀለም ስለሆነ ነው።

"ታዲያ ምን እናድርግ?" ትለኝ ይሆናል። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አልልህም፣ የኔንም ኪስ አውቀዋለሁ።

አንደኛ፣ የምትሰማውን እወቅ። ግጥሙን የማታውቀውን ዘፈን ፈልገህ ትርጉሙን አንብብ፤ ስልክህ ላይ አለ። ሁለተኛ፣ የኛ ልጅ የሠራውን ሬጌ በነፃ ፍላሽ ላይ አታስጭን። ዋናው ቻናል ላይ ገብተህ ስማው፣ ኮንሰርት ሲኖር ለአንድ ቀን ጫት የምታወጣውን ብር ለትኬት አውጣ። ሦስተኛ፣ ሰፈርህ ውስጥ ድሬድ ያለው ልጅ ሲሰደብ ዝም አትበል። አራተኛ፣ ሻሸመኔ ብትሄድ ለሰልፊ ብቻ አትሂድ። ቁጭ ብለህ ቡና ጠጣ፣ ከየት እንደመጡ፣ እንዴት እንደመጡ ጠይቃቸው። እዚህ ተወልደው ያደጉትን ልጆቻቸውን "ፈረንጅ" ብለህ አትጥራ። ወገን የምትል ከሆነ እነሱም ወገን ናቸው። ወረቀታቸው ሙሉ እንዲሆን የሚጠይቅ ድምፅ ሲነሳም ድምፅህን ጨምር።

ሬጌ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙዎቻችን "እንኳን ደስ አለን" ብለን ለጥፈን ነበር። ደስታው ይገባናል። ግን አገሩን የሚወድ ወጣት አገሩ ስትመሰገን ብቻ ሳይሆን አገሩ ዕዳ ሲኖርባትም "የኔ ነው" ማለት አለበት። ምስጋናውን "የኔ"፣ ዕዳውን "የመንግሥት" ማለት አያምርም።

ይሄን ጽሑፍ ሼር ከማድረግህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። አሁን ስልክህ ላይ ካሉት የሬጌ ዘፈኖች ስንቱ የኛ ልጆች ሥራ እንደሆነ፣ ከነሱም ስንቱን ከፍለህ እንዳገኘኸው ቁጠርና ቁጥሩን ኮመንት ላይ ጻፈው። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ብለህ ጻፍ፣ ማንም አይስቅብህም።